የቀደሙት የካትሌያ ድቅሎች፦ ስለ አያያዛቸውና ስለ ክብራቸው

(የመክፈቻ ዜማ)

ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት የምንነጋገረው ስለ እህልና ስለ ከብት፣ ስለ ማሳና ስለ ጤና ነው፤ ዛሬ ግን ዓይንንና መንፈስን ስለሚመግብ ነገር፣ ካትሌያ ስለሚባለው የኦርኪድ ወገን፣ ይልቁንም ከመቶ ዓመት በፊት በጥበበኞች እጅ ተዳቅለው እስከ ዘመናችን ስለ ደረሱት ቀደምት ድቅሎቹ እንነጋገራለን። የንግግራችን ፍሬ ነገር አስቀድሞ ቢነገር ይሻላል፤ ይኸውም ቀደምት የካትሌያ ድቅል በዘር የማይተካ፣ ሥሩ ተከፍሎ ከእጅ ወደ እጅ በመተላለፍ ብቻ የሚኖር ተክል ስለ ሆነ፣ እርሱን የሚያሳድግ ሰው ሁሉ አደራ የተቀበለ ሰው ነው። በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያስቡልን እንለምናለን።

ኦርኪድ በዓለም ላይ ከ25,000 በላይ ዝርያ ያለው፣ አበባ ከሚሰጡት የዕፀዋት ነገዶች መካከል እጅግ ሰፊ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ሊቃውንት ጋር፣ ማለትም ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር፣ በ2004 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ ውስጥ ከ160 በላይ ዝርያዎች ተገልጸው ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሜዳና በድንጋያማ ስፍራ ከመሬት ሲበቅሉ፣ ሌሎቹ በደቡብና በምዕራብ ደኖቻችን በሸመገሉ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ሥራቸውን አጣብቀው ይኖራሉ። ከዛፍ ነዋሪዎቹ አንዱ አኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው ነው፤ አበባው ነጭ፣ ከአበባው ኋላ የሚንጠለጠለው የማር ቀንዱም እጅግ ረጅም ሲሆን፣ መዓዛውን በሌሊት እየለቀቀ ረጅም ምላስ ያላትን የእሳት ራት ወደ ራሱ ይጠራል። ይህ ተክል ለሥነ ፍጥረት ሊቃውንት በመጀመሪያ የተዋወቀው ከዚሁ ከአገራችን በተሰበሰበ ናሙና ሲሆን፣ የገለጸውም ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በ1850 ገደማ ስለ ሐበሻ ዕፀዋት በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ነው።

በዛፍ ላይ የሚያድግን ነገር ሁሉ ተቀጽላ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ስለ ሆነ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ተቀጽላ ሥሩን በዛፉ ገላ ውስጥ ሰክቶ የዛፉን ውሃና ምግብ ይወስዳል፤ ኦርኪድ ግን ከዛፉ የሚሻው መቆሚያ ስፍራ ብቻ ነው፤ ምግቡን ከነፋስ ከሚመጣው አቧራ፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ቅርፊቱን አጥቦ ከሚወርደው ዝናብ ያገኛል። ሥሩም ውሃ በቶሎ የሚመጥጥ ነጭ ሽፋን ለብሷል፤ ዝናብ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲደርቅ ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት የተረዳ ሰው ስለ ካትሌያ አያያዝ ማወቅ ከሚገባው ነገር ግማሹን ያህል አውቋል፤ ካትሌያም እንደዚሁ በትውልድ አገሩ የዛፍና የዐለት ነዋሪ ነውና።

(አጭር ዜማ)

የካትሌያ አገር ከመካከለኛው አሜሪካ አንሥቶ እስከ ብራዚል የሚዘረጋው ምድር ነው። በ1810ዎቹ መጨረሻ ዊልያም ስዌይንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ከብራዚል ከላካቸው ዕፀዋት መካከል አንዱ በእንግሊዝ አገር አብቦ ታየ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ በ1821 ጆን ሊንድሊ የተባለው ሊቅ በለንደን አጠገብ በባርኔት ይኖር ለነበረው ለነጋዴውና ለአበባ አፍቃሪው ለዊልያም ካትሌይ መታሰቢያ እንዲሆን ወገኑን ካትሌያ፣ ዝርያውን ላቢያታ ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ዝርያዎች ተከታትለው ታወቁ፤ የቬኔዙዌላ ብሔራዊ አበባ የሆነችው ሞሲዬ፣ የኮሎምቢያ ብሔራዊ አበባ የሆነችው ትሪያኔ፣ በአበባዋ ግዝፈት የምትታወቀው የኮሎምቢያዋ ቫርሴቪቺ፣ ቢጫ አበባዋና በወርቃማ ጅማት የተጻፈ የሚመስለው ደማቅ ቀይ ከንፈሯ የሚያስደንቀው የኮስታሪካዋ ዶዊያና፣ ሁሉም ለማዳቀል ጥበብ እናቶችና አባቶች ሆኑ።

በኦርኪድ ላይ የማዳቀልን ሥራ በመጀመሪያ ለፍሬ ያበቃው በኤክሰተር ከተማ በቬይች የአትክልት ድርጅት ይሠራ የነበረው ጆን ዶሚኒ ነው። በዚያው ከተማ የነበረው ሐኪም ጆን ሃሪስ፣ የኦርኪድ አበባ የወንዴው ብናኝና የሴቴው ክፍል እንዴት እንደሚገኙና እንዴት እንደሚገናኙ አመልክቶት ነበርና፣ ዶሚኒ በትዕግሥት ሠርቶ በሰው እጅ የተዳቀለውን የመጀመሪያ ኦርኪድ በ1856 ለማበብ አበቃው፤ ያም ከካላንቴ ወገን ነበር። የካትሌያም ድቅሎች ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። ከቬይች ድርጅት ብቻ እንኳ ካንሃሚያና በ1885፣ ፋቢያ በ1894፣ ፖርሺያ በ1897፣ ኤኒድ በ1898 ወጡ፤ ፋቢያ የላቢያታና የዶዊያና ልጅ ናት፣ ኤኒድም ከሞሲዬና ከቫርሴቪቺ ተወለደች። የድቅሎቹ ስምና የወላጆቻቸው ስም እንዳይጠፋ የሳንደር የኦርኪድ ንግድ ቤት በ1906 የድቅሎች መዝገብ ማሳተም ጀመረ፤ ከ1961 አንሥቶ ደግሞ ምዝገባውን የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ተረክቦ እስከ ዛሬ ይዞታል። ከመቶ ዓመት በላይ የሚቆጠር የትውልድ ሐረግ ሳይቋረጥ የተጻፈላቸው የጌጥ ዕፀዋት ጥቂቶች ናቸው።

የዚያን ዘመን አዳቃዮች ሥራ ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበር ለመረዳት የኦርኪድን ዘር ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ የካትሌያ ፍሬ ውስጥ እንደ ዱቄት የላመ እጅግ ብዙ ዘር ይገኛል፤ ነገር ግን ዘሩ እንደ ባቄላ ወይም እንደ ስንዴ በውስጡ ስንቅ ስለሌለው፣ በተፈጥሮ የሚበቅለው ረቂቅ የሆነ የሻጋታ ወገን ሲመግበው ብቻ ነው። ይህን ምሥጢር ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር በ1899 እስኪገልጠው ድረስ፣ አትክልተኞቹ ዘሩን በእናቲቱ ተክል ሥር በትነው ከሺህ አንዱ እንዲበቅልላቸው ይጠባበቁ ነበር። በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን በስኳርና በማዕድን ጨው በተዘጋጀ ምግብ ላይ ዘሩን ያለ ሻጋታ በብልቃጥ ውስጥ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ይህም ሆኖ ከዘር የተነሣ ካትሌያ የመጀመሪያ አበባውን ለማሳየት አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ይፈልጋል፤ ከአንድ ፍሬ የተገኙ ወንድማማቾችም በመልክ አንዱ ከሌላው ይለያል። ስለዚህ በ1894 ከወጡት የፋቢያ እህትማማቾች መካከል የአንዷ መልክ ዛሬ እንዲታይ ከተፈለገ፣ ያቺው አንዷ ተክል ሥሯ እየተከፈለ እስከ ዛሬ መድረስ አለባት፤ እንደ ገና ቢዳቀልም የሚገኘው ሌላ እህቷ እንጂ እርሷ አይደለችም።

ይህን ነገር እንሰት ለሚያበቅሉ እናቶቻችን ማስረዳት ቀላል ነው። እንሰት በጓሮ የሚበዛው ከሥሩ በሚወጣው ችግኝ ነው፤ እናት ልጇን ስትድር፣ ጎረቤት ለጎረቤት ስትሰጥ፣ ጊምቦ ወይም ሲስቀላ ብላ በስሙ ጠርታ ነው የምታስረክበው፤ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን የምታውቅ ሴት አንዱ ዓይነት ከጓሮዋ ቢጠፋ ከገበያ በዘር ገዝታ እንደማትተካውም ታውቃለች። የቀደሙት የካትሌያ ድቅሎችም የቆዩት በዚሁ ዓይነት ጥበቃ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን የአውሮጳን የመስታወት ቤቶች የሚያሞቀው የድንጋይ ከሰል ባነሰ ጊዜ ብዙ የተሰበሰቡ ዕፀዋት ጠፉ፣ ሌሎችም በባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በዚያም ካትሌያ የሠርግና የበዓል የደረት አበባ ሆኖ ሲከበር ኖረ፤ በኋላ ደግሞ በርካሽ የሚገኙ ሌሎች አበቦች ገበያውን ሲይዙና በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ብዙ አሳዳጊዎች ሥራውን ተዉ። በዚህ ሁሉ መካከል ስንት ድቅል ያለ ስምና ያለ ወራሽ ቀረ! የተረፉትም የተረፉት፣ ግማሹን ለጓደኛ የሰጠ አንድ ሰው በየዘመኑ በመገኘቱ ነው።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ አያያዙ እንለፍ። ካትሌያ ቀን ከ21 እስከ 29፣ ሌሊት ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ አየር ይስማማዋል። አውሮጳውያን በመስታወት ቤትና በእሳት የሚፈጥሩትን አየር የእኛ ወይና ደጋ በዓመቱ ብዙ ወራት ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። አስጊ የሚሆኑት ሁለት ጊዜያት ናቸው፤ አንደኛው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ የሚበርድበት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የበጋ ጊዜ ነው፤ በዚህ ወራት ማሰሮው ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ፤ ነገር ግን የምድጃ ጢስ ከሚበዛበት ስፍራ ይራቅ። ሁለተኛው ክረምት ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሌት ተቀን ሲወርድበት፣ ብርድና እርጥበት ተባብረው ለጋውን ቡቃያ ያበሰብሱታልና፣ ብርሃን በሚያገኝበት ጣሪያ ሥር ይቀመጥ።

ስለ ብርሃን የሚነግረን ቅጠሉ ራሱ ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና ልፍስፍስ ከሆነ ጥላው በዝቶበታል፣ አበባም አይሰጥም፤ ቢጫ ሆኖ ወደ መቅላት ካደላ ፀሐዩ በርትቶበታል፤ ፈካ ያለ አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ ግን የሚስማማውን አግኝቷል። የደጋ ፀሐይ በቀትር ኃይለኛ ስለ ሆነ ወደ ምሥራቅ የዞረ በረንዳ፣ የጠዋትን ፀሐይ ተቀብሎ የቀትሩን የሚከልል፣ ከሁሉ ይሻላል። ነፋስም እንደ ብርሃን ያስፈልገዋል፤ አየር በማይንቀሳቀስበት ስፍራ ሥሩ ይታመማል።

ካትሌያ በጥቁር አፈር ውስጥ ከተተከለ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። የሚተከልበት ነገር ውሃን በቶሎ የሚያሳልፍ፣ በመካከሉ አየር የሚያልፍበት መሆን አለበት፤ ለዚህም የፓይን ዛፍ ቅርፊት በአውራ ጣት ጫፍ መጠን ተሰባብሮ፣ ከከሰል ስባሪና ቀዳዳ ከሞላበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ይበቃል። ማሰሮውን የአካባቢያችን ሸክላ ሠሪዎች ከታችም ከጎንም ቀዳዳ አድርገው ሊሠሩልን ይችላሉ፤ ሸክላ ላብ ስለሚያወጣ ሥሩን ቀዝቃዛና ንጹሕ ያደርግለታል። ውሃ የሚጠጣው ማሰሮው ሲነሣ ቀልሎ፣ ውስጡም ደርቆ ሲገኝ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከታች እስኪፈስ ድረስ በደንብ ይጠጣ፣ ከዚያም እንደ ገና እስኪደርቅ ይተው። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ጨው ስለሌለው ከሁሉ ይመረጣል፤ ሰዓቱም ጠዋት ይሁን፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ እንዳይመሽበት። ማዳበሪያ በሚያድግበት ወራት እጅግ አቅጥኖ፣ በማሸጊያው ላይ ከታዘዘው መጠን ሩቡን ያህል ብቻ መስጠት ይበቃል፤ የዛፍ ነዋሪ ጥቂት በመመገብ የለመደ ነውና፣ ብዛቱ ሥሩን ያቃጥለዋል።

የካትሌያ አካል በአንድ አግዳሚ ግንድ ላይ በተራ የቆሙ የወፈሩ ግንዶች ናቸው፤ እነዚህ ውሃና ምግብ ያከማቻሉ፣ በየዓመቱም ከፊት አዲስ ግንድ ይጨመራል። ከአዲሱ ግንድ ራስ፣ ከቅጠሉ ብብት፣ ጠፍጣፋ ሰገባ ይወጣል፤ የአበባው እምቡጥ በዚህ ሰገባ ውስጥ ያድጋል። ሰገባው ደርቆ ወራት ቢቆይ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ አንዳንዱ ድቅል ከደረቀ ሰገባ ማበብ ከወላጁ የወረሰው ጠባዩ ነው።

በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ቅርፊቱ ሲበሰብስና ተክሉ ከማሰሮው ጠርዝ ሲያልፍ፣ ይነቀላል፣ ይከፈላልም። ለዚህ የተመረጠው ጊዜ ከአዲሱ ግንድ እግር አዲስ ሥር ብቅ ማለት ሲጀምር ነው፤ ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ የተነካ ተክል ዓመቱን ሙሉ ሊያዝን ይችላል። እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ግንድ ይኑረው፤ ከዚያ ያነሰ ክፋይ ለማበብ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ቢላዋውን በተመለከተ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን፤ በቀደምት ድቅሎች ላይ ከሁሉ የከፋው ጠላት ከተክል ወደ ተክል በመቁረጫ ጭማቂ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቫይረስ የያዘው ተክል በቅጠሉ ላይ የተሰበረ መሥመርና ጥቁር ነጥብ ያሳያል፤ አበባው ከፈነዳ ከጥቂት ቀን በኋላ በቡናማ ጭረት ይበላሻል፤ መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ ቢላዋው ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በእሳት ነበልባል ይለብለብ፣ የአንዱ ማሰሮ ውሃም ወደ ሌላው አይፍሰስ። በቅጠሉና በግንዱ ላይ እንደ ቅርፊት የሚጣበቁት ትንንሽ ነፍሳት ሲታዩ ደግሞ አልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ መጥረግ ይበቃል።

ክፋዩ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ስሙም አብሮ ይሂድ። ከአሉሚኒየም ጣሳ ተቆርጦ በሚስማር የተጻፈ ስም ዝናብ አያጠፋውም። ሊቃውንት በቅርብ ዘመን የዕፀዋትን ዝምድና በውስጠኛው የዘር ምሥጢራቸው እየመረመሩ ብዙ የወገን ስሞችን ለውጠዋል፤ ቀድሞ ሌሊያ ይባሉ የነበሩት የብራዚል ዝርያዎች ወደ ካትሌያ ተዛውረዋል፣ ፖርሺያም አንድ ወላጇ ከካትሌያ ወገን ስለ ወጣ ዛሬ ካትሊያንቴ ፖርሺያ ተብላ ተመዝግባለች። ይህ አሳዳጊውን አያስጨንቀው፤ የወገኑ ስም ቢለወጥም ፖርሺያ የሚለው የድቅሏ ስም አይለወጥም፤ በአሮጌው ምልክት ላይ የተጻፈውን ሳይፍቁ አዲሱን አጠገቡ መጻፍ ነው ደንቡ።

(አጭር ዜማ)

ውድ አድማጮቻችን፤ ማሳደጉ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ማድነቅን መማር ነው። የዛሬ ዘመን ድቅሎች ክብና ጠፍጣፋ፣ ቅጠላ አበባቸው እርስ በርሱ የተደራረበ እንዲሆን ተመርጠዋል፤ የቀደሙት ግን ላላ ያሉ፣ ጎንና ጎናቸው ወደ ታች ዘንበል ያለ፣ አበባቸውም በጥቂት ሳምንት የሚያልፍ ነው። እነርሱን በዛሬው ሚዛን መመዘን ፍትሕ አይደለም። ፋቢያን ስታዩ ወላጆቿን በእርሷ ላይ አንብቡ፤ የዶዊያና ቢጫ በልጇ ቅጠላ አበባ ላይ አይታይም፣ የላቢያታ ሐምራዊ አሸንፎታልና፤ ወደ ከንፈሯ ስትመለከቱ ግን የዶዊያና ወርቃማ ጅማት በጥቁር ቀይ ከፋይ መሰል መደብ ላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ፖርሺያ ደግሞ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ አበባ መሸከምን ከአንዱ ወላጇ ወርሳለች። መዓዛቸው የሚበረታው ብዙ ጊዜ ፀሐይ አየሩን ማሞቅ በጀመረችበት የጠዋት ሰዓት ነውና በዚያን ጊዜ ቅረቧቸው። ከላቢያታ የተወለዱት በሰሜን ንፍቀ ክበብ በመከር ወራት ማበብ ልማዳቸው ነው፤ ይህም በእኛ ዘንድ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ከተከበረ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌን በማኅሌት በምታከብርበት ወራት ላይ ይውላል።

እነዚህን ዕፀዋት ማግኘት የሚፈልግ ሰው ሕጉን ማወቅ አለበት። በደቡብ አፍሪካም ሆነ በሌላ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ክፋይ ልላክ ቢሉ፣ ተክሉ ከበሽታ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ኦርኪዶች ሁሉ ደግሞ አገራችን በ1989 በገባችበት፣ ብርቅ እንስሳትንና ዕፀዋትን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ውስጥ ስለሚገኙ፣ በአሳዳጊ እጅ የተባዛ መሆኑን የሚያሳይ ፈቃድ ይጠየቃል። በሻንጣ ተደብቆ የመጣ አንድ ክፋይ በአገር ውስጥ የሌለ በሽታና ተባይ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ፈቃዱን መጠየቅ ጎረቤትን መጠበቅ ነው።

የካትሌያን ክብር የተማረ ሰው የገዛ አገሩን ኦርኪድ ደግሞ አይንቅም። በጫካችን ዛፎች ላይ ያሉትን ከቅርንጫፋቸው ገንጥሎ ወደ ቤት ማምጣት አይገባም፤ ሥራቸው ተቀዶ ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ ብናኛቸውን የምታገናኝላቸው የእሳት ራትም ወደ በረንዳችን ላትመጣ ትችላለች። የሸመገለ ዛፍ በወደቀ ወይም በተቆረጠ ጊዜ ግን በላዩ ያሉትን አንሥቶ በጓሮ ዛፍ ላይ በገመድ ማሰር በጎ ሥራ ነው፤ የትምህርት ቤት ተማሪዎችም በመምህራቸው መሪነት ሊሠሩት ይችላሉ።

እንግዲህ የዛሬውን ትምህርት ስንጠቀልለው፣ የጠዋት ብርሃን ስጡት፤ ደርቆ ሳታገኙት አታጠጡት፤ ከብርድና ከረጅም ዝናብ ሰውሩት፤ አዲስ ሥር ሲያወጣ በነበልባል በነጻ ቢላዋ ክፈሉት። ከሁሉም በላይ፣ ያላችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ጠፍቶ የሚቀር ነውና፣ ለመከፈል በደረሰ ጊዜ አንዱን ክፋይ ስሙን ጽፋችሁ ለሌላ ሰው ስጡ፤ የእናንተው በብርድ ወይም በበሽታ ቢሞት ከዚያ ሰው ዘንድ መልሳችሁ ታገኙታላችሁ።

(የመዝጊያ ዜማ)